ፒፓው የአንድ ሰው፣ ጢሱ የቤተሰብ

ስለ ትምባሆ ጉዳት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሲጃራ ነው። ፒፓ ከወቀሳው ያመልጣል። ፒፓ የሚያጨስ ሰው ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ፣ ጨዋታው የሚጣፍጥ ሽማግሌ ነው። ፒፓውም እንደ ባርኔጣውና እንደ ከዘራው የግርማ ሞገሱ አካል ሆኖ ይታያል። ሽታውን እንኳ የሚወዱ አሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በልጅነቷ ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ስለ ጥፍጥፍ ትምባሆና ስለ ፒፓ እናወራለን። ጥፍጥፉ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚከተፍና እንደሚጨስ፣ ጢሱም ከአጫሹ አልፎ በጓዳና በመኝታ ቤት ማን ዘንድ እንደሚደርስ እንመለከታለን። ነገሩን ከሩቅ አናመጣውም፤ ከአንድ ቤት ሰሌን ላይ እንጀምራለን።

የመርከበኛው ሰንጢ

የእናቴ ታላቅ ወንድም መርከበኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከአሰብ ወደብ እየተነሡ እስከ አውሮፓ ወደቦች ድረስ ሲመላለሱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ጊዜ አዲስ አበባ እኛ ቤት ገቡ። ሚስትና ልጅ አልነበራቸውም። ይዘው የመጡት አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ፒፓ፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ አንድ ሰንጢና በወፍራም ወረቀት የተጠቀለሉ ጥቋቁር ጥፍጥፎች ነበር። አንዱ ጥፍጥፍ ሳሙና ያህላል። መልኩ የተቆላ ቡና ይመስላል፤ ሽታው ደግሞ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። እኔና እኅቴ መጀመሪያ ባየነው ጊዜ ቸኮላት መስሎን ነበር።

ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ጋሼ ሰሌን አስነጥፈው ይቀመጡና ሣጥናቸውን ይከፍታሉ። እኛ ልጆቹም ዙሪያቸውን እንከባለን። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጥፍጥፉን የመክተፉ ሥራ የእኔ ሆነ። «ቀስ ብለሽ፤ እንደ ወረቀት ይሳሳ» ይሉኝ ነበር። የከተፍኩትን በመዳፎቼ መካከል አሻሽቼ እሰጣቸዋለሁ። እናቴ ከምድጃው ፍም በመቆንጠጫ ታመጣለች። እሳቸው ይለኩሳሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር ማዕበል፣ በጉም ውስጥ ስለሚነፋው የመርከብ ጥሩምባ፣ በረዶ ስለሚጥልባቸው ወደቦች ወሬው ይጀመራል። በቤታችን ከዚያ ሰዓት ይበልጥ የሚናፈቅ ሰዓት አልነበረም።

አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋና በኩራዝ ብርሃን ከተፍኩ። ፍርፋሪው ሰሌኑ ላይ መቅረቱን አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት የሁለት ዓመት ወንድሜ ፍርፋሪውን እየለቀመ አፉ ውስጥ ሲከት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ያየነው ከጥቂት ቆይታ በኋላ ነው፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ላብ አጥምቆት፣ ደጋግሞ ሲያስመልሰው። ከጎረቤት አንዷ ወተት አጠጪው አለች፤ ሌላዋ ጠበል ይረጭ አለች። እናቴ ግን ለማንም መልስ ሳትሰጥ ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች። ሐኪሙ ከሕፃኑ ከንፈር ጥግ ቡናማ ፍርፋሪ በጣቱ አንሥቶ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ወንድሜ ያን ዕለት እዚያው ውሎ አድሮ በማግስቱ ደኅና ሆኖ ተመለሰ። እኔ ግን የዚያን ቀን እጄን ስንት ጊዜ እንደታጠብኩ አላውቅም።

ቅጠሉ እንዴት ጥፍጥፍ ይሆናል?

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨ ተክል ነው። ቅጠሉ ሲበስል ይለቀምና እንደየዓይነቱ በነፋስ፣ በፀሐይ፣ በሞቀ ቤት ውስጥ ወይም በእንጨት ጢስ ይደርቃል። ጥፍጥፍ ለመሥራት ከደረቀው ቅጠል መካከል ያለው ወፍራም ጅማት ይወጣል። ቅጠሉ እንዳይሰባበርም በውሃና በእንፋሎት ይለሰልሳል። ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም ሌላ ማጣፈጫ ይጨመርበታል።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ እየተደራረበ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባና በብርቱ መጭመቂያ ይታመቃል። አንዳንዱ ፋብሪካ ሙቀት ይጨምርበታል። በዚህ ዓይነት ለሰዓታት ወይም ለቀናት ተጨምቆ ሲቆይ የቅጠሉ ጭማቂና ማጣፈጫው ይዋሐዱና ጥፍጥፉ እንደ ጡብ ይጠጥራል። ቀለሙም ይጠቁራል።

መርከበኞች ጥፍጥፉን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቦታ አይዝም፣ እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም፣ ነፋስም አይበትነውም። መርከብ ላይ እሳት በተከለከለ ጊዜ ደግሞ ቆርሶ ማኘክ ይቻላል። እሳት አደጋ ወደሚያስነሣበት ጉድጓድ የሚወርዱ የማዕድን ሠራተኞችም በዚሁ ምክንያት ያኝኩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሲጃራ የሚጠቀልል መኪና ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲጃራ እየረከሰ ሲሄድ የጥፍጥፉ ገበያ ጠበበ፤ ይሁንና በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬም ይሠራል።

እዚህ ላይ እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማጣፈጫው ሽታውን ይለውጠዋል እንጂ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ኒኮቲን የተባለ መርዝ አያጠፋውም። ሕፃን ልጅ ደግሞ የሚያውቀው ሽታውን ብቻ ነው። እንደ ዘቢብ የሚሸት ጥቁር ነገር ባገኘ ጊዜ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ለእናት መንገር አያሻም።

ፒፓውስ ከምን ይሠራል?

ዕውቅ ፒፓዎች የሚጠረቡት በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ ነው። ይህ ተክል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች በብዛት የሚገኘው፣ በአማርኛ አስታ የሚባለው ራሱ ነው። ለፒፓ የሚፈለገው ቅርንጫፉ ሳይሆን በግንዱና በሥሩ መካከል እንደ እባጭ የሚያድገው ጠጣር ክፍል ነው። ተቆፍሮ ይወጣና ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ ከዚያም ለወራት ደርቆ ይጠረባል። እሳት ቶሎ አያቃጥለውም። በፈረንሳይ አገር ሴን ክሎድ የምትባለው ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው።

ፒፓ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳ ሲሆን ሁለተኛው ጢሱ ወደ አፍ የሚሳብበት ቀጭን ዘንግ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዘንጉ ውስጥ ጥቁርና የሚያጣብቅ ዝፍት ይጠራቀማል። ፒፓ አጫሾች ይህን ዝፍት በየጊዜው በሽቦና በጨርቅ ይጠርጋሉ። ዘንጉን የሚያይ ሰው፣ የማይጠረገው የሰው ጉሮሮ ምን እንደሚመስል መገመት አይሳነውም።

የሕፃን እጅ፣ የሴት እጅ፣ የወንድ እጅ

ጥፍጥፍ ትምባሆ ከሲጃራ የሚለይበት ትልቁ ነገር ዝግጅቱ ነው። ሲጃራ ከፓኮ ወጥቶ ይለኮሳል። ጥፍጥፍ ግን ሰንጢ፣ መክተፊያ፣ ትዕግሥትና ጊዜ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ከጥፍጥፉ ጠርዝ በተሳለ ሰንጢ ስስ ስስ እየተደረገ ይቆረጣል። የተቆረጠው በመዳፎች መካከል እየታሸ ይፈታታል። ጥፍጥፉ እርጥብ ስለሆነ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ያህል ወረቀት ላይ ተዘርግቶ እንዲናፈስ ይደረጋል። ከዚያ ወደ ፒፓው ጎድጓዳ የሚጨመረው በሦስት ጊዜ ነው። የአውሮፓ ፒፓ አጫሾች ለዚህ አንድ አባባል አላቸው፤ መጀመሪያ በሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ በሴት እጅ፣ በመጨረሻ በወንድ እጅ ጠቅጥቀው ይላሉ። የታችኛው ልል፣ የመካከለኛው ጠበቅ ያለ፣ የላይኛው ጠንከር ያለ ይሁን ማለታቸው ነው። የታችኛው ከጠበቀ አየር አያልፍም፤ የላይኛው ከላላ ደግሞ እሳቱ አይቆይም።

መለኮሱም ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው እሳት ትምባሆው ያብጥና ወደ ላይ ይነሣል። በመጠቅጠቂያ ቀስ ተደርጎ ይመለስና እንደገና ይለኮሳል። አጫሹም ጢሱን በዝግታ ይስባል። ከቸኮለ ምላሱን ያቃጥለዋል። አንድ ፒፓ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ጋሼም ያንን አባባል ያውቁት ነበር፤ እየሳቁ ይነግሩን ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳስበው ግን አባባሉ በእኛ ቤት በቁሙ ተፈጽሟል። የሕፃኗ እጅ የእኔ ነበር፤ እከትፍ ነበር። የሴት እጅ የእናቴ ነበር፤ ፍም ታቀርብ ነበር። የወንድ እጅ የእሳቸው ነበር። ፒፓው የአንድ ሰው ይመስል ነበር እንጂ የሁላችንም እጅ ነበረበት። ጢሱም ወደ ሁላችን ይደርስ ነበር።

በእኛው አገር፦ ጋያና የገበያ ትምባሆ

ይህ ነገር የመርከበኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን በልዩ ልዩ አካባቢዎች ጋያ የኖረ ልማድ ነው። ጋያ ውሃ ከሚይዝ ቅል፣ ትምባሆና ፍም ከሚቀመጥበት የሸክላ ጎድጓዳ፣ ጢሱ ከሚሳብበት ሸምበቆ የሚሠራ ነው። በደቡብ ኦሞ ገበያዎች ትምባሆ ተወቅጦና ተድበልብሎ ደርቆ ሲሸጥ ይታያል። ይህም ያለ ፋብሪካ የተሠራ ጥፍጥፍ ነው ለማለት ይቻላል። በደጋው ሰሜን በአንጻሩ ትምባሆ ለረጅም ዘመን የተነወረ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በብርቱ ቅጣት ከልክለውት እንደነበር ይታወቃል።

በጋያም ዘንድ የሦስቱ እጆች ነገር ይደገማል። ቅሉን ማጠብ፣ ውሃውን መቀየር፣ ፍሙን መለቀምና ማቅረብ የሴቶችና የልጆች ሥራ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ አያቶች ጋያቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ቀድሞ በሰፊ ጎጆ ወይም በአጥር ግቢ ይጨስ የነበረው አሁን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይጨሳል። ክፍሉ ሲጠብ ጢሱ ይወፍራል።

ጢሱ የት ይደርሳል?

የፒፓ ወዳጆች ዋና መከራከሪያ «ጢሱን አልውጠውም፤ አፌ ውስጥ ይዤ እተፋዋለሁ» የሚል ነው። ሆኖም የፒፓ ጢስ ጠባዩ ከሲጃራ ጢስ የተለየ በመሆኑ፣ ኒኮቲኑ ሳንባ ሳይደርስ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ሳይውጡት ሱስ ይይዛል። ከንፈር፣ ምላስ፣ ላንቃና ጉሮሮ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ለሙቀቱና ለዝፍቱ ይጋለጣሉ። የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛ የጤና ሹም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ማጨስ ባወጡት ዝነኛ ዘገባ ላይ ፒፓ ማጨስ የከንፈር ካንሰር እንደሚያመጣ ተመልክቷል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶችም የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር በፒፓ አጫሾች ላይ ከማያጨሱት ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ ታውቋል።

ይህ የአጫሹ ድርሻ ነው። የቤተሰቡስ? እ.ኤ.አ. በ1981 ታኬሺ ሂራያማ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ አንድ ትልቅ ጥናት አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ራሳቸው የማያጨሱ 91,540 ባለትዳር ሴቶች ለ14 ዓመታት ጤናቸው ሲከታተል ቆይቶ ነበር። ባሎቻቸው በቀን 20 ሲጃራና ከዚያ በላይ የሚያጨሱት ሴቶች፣ ባሎቻቸው ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሴቶች አንድም ቀን ሲጃራ አልያዙም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ከባሎቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ብቻ ነው። ጥናቱ ስለ ሲጃራ ቢሆንም ከፒፓና ከጋያ የሚወጣውም ጢስ ያው የትምባሆ ጢስ ነው።

በልጆች ላይ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። የሕፃን ሳንባ ትንሽ ነው፤ አተነፋፈሱም ፈጣን ነው። ትምባሆ በሚጨስበት ቤት የሚያድጉ ልጆች የሳንባ ምች፣ የአስምና የጆሮ ሕመም ያጠቃቸዋል። ጨቅላ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ በድንገት የመሞታቸውም አደጋ ይጨምራል። እርጉዝ ሴት የሌላ ሰው ጢስ ስትተነፍስ ደግሞ የሚወለደው ልጅ ክብደት ሊቀንስ ይችላል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ መሆናቸው ነው። ከዚህ የምንረዳው ለአብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት ሴት አሳሳቢው ራሷ የምታጨሰው ትምባሆ ሳይሆን ሌላው ሰው በአጠገቧ የሚያጨሰው መሆኑን ነው። በዓለም ደረጃ ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚገድል ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው የማያጨሱ ናቸው።

በየቤቱ የሚሰሙ የተሳሳቱ ሐሳቦች

«ውሃው ያጠራዋል።» ይህ ስለ ጋያና ስለ ሺሻ የሚባል ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጉሮሮን እንዳይቆረቁር ያደርገዋል። መርዙን ግን አያስቀርም። እንዲያውም ጢሱ ስለቀዘቀዘ አጫሹ አብዝቶና በጥልቀት ይስበዋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየርም በውሃው አልፎ ይመጣል።

«መስኮት ከተከፈተ ይወጣል።» ሽታው ይቀንስ ይሆናል። በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ግን በመጋረጃ፣ በአልጋ ልብስ፣ በሹራብ ላይ ይቀራል። ሕፃኑ የሚታቀፈው በዚያው ሹራብ ነው።

«ዕጣን ካጨስንበት ይጠፋል።» ዕጣን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ጢሱን አያስወጣውም። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የትምባሆ፣ የዕጣንና የከሰል ጢስ ሲደራረብ ለአስም ታማሚ ልጅ የባሰ ይሆናል።

«ሽማግሌ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ ቢተው ምን ይጠቅመዋል?» ይህ አባባል ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን ልክ አይደለም። ማጨስ ያቆመ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ የልቡ አመታት መረጋጋት ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደሙ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ወደ ደኅናው ይመለሳል። በዓመቱ ደግሞ በልብ ሕመም የመያዙ አደጋ ከሚያጨሰው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። በማንኛውም ዕድሜ መተው ይጠቅማል።

እናቶችና ሠራተኞች ምን ያድርጉ?

1. ልጅ ትምባሆ አይክተፍ፣ ፍም አያቅርብ፣ ጋያ አይጠብ። ኒኮቲን ከእርጥብ ቅጠል በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። የትምባሆ ማሳ ሠራተኞችን የሚያጥወለውላቸውና የሚያስመልሳቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከጤናው ባሻገር ዛሬ የአያቱን ፒፓ የሚሞላ ልጅ ነገ የራሱን ለመሙላት እጁ ተለማምዷል።

2. ልጅ ትምባሆ እንዲገዛ አይላክ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። የሺሻ ንግድንም እንዲሁ።

3. ጥፍጥፍ፣ ፍርፋሪና የፒፓ አመድ ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ። የተከተፈበት ቦታ ወዲያው ይጠረግ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

4. ሕፃን ትምባሆ አፉ ውስጥ ከከተተ በአፉ የቀረውን በጣት ጠርጎ ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ለማስመለስ መሞከር አይገባም። ወተትም ሆነ ዘይት በግድ አይጋት። የበላው ነገር ቅሪት ካለ ለሐኪሙ እንዲታይ ይያዝ።

5. በቤት ውስጥ ማጨስ ፈጽሞ ይቅር። አንዱ ክፍል ለአጫሹ መለየቱ አይበቃም፤ ጢስ በር አያውቅም። የሚያጨስ ሰው ከግቢ ውጭ ወይም ከበርና ከመስኮት ርቆ ያጭስ። ሕፃን ከማቀፉ በፊት የላይኛውን ልብስ ያውልቅ፤ እጁንና አፉን ይታጠብ።

6. በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ውስጥ ጢስ የሚደርስባት ሠራተኛ ዝም ማለት የለባትም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ይህን ለኃላፊ ማሳሰብ መብት ነው፤ እንደ ነገረኛነት ሊቆጠር አይገባም።

7. ለመተው የሚፈልግን ሰው ማዋረድ አይጠቅምም። ቀን ቆርጦ እንዲጀምር ማገዝ ይሻላል። የሱሱ ግፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ውሃ መጠጣት፣ ከቤት ወጣ ብሎ መራመድ፣ እጅን በሌላ ሥራ መያዝ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ከባድ ናቸው። ቁጡነትና እንቅልፍ ማጣት ቢታይ ከሱሱ የተነሣ መሆኑን ቤተሰቡ አውቆ ይታገሥ። የጤና ባለሙያም ይማከር።

8. ፒፓ ወይም ጋያ ያጨስ የነበረ ሰው በከንፈሩ፣ በምላሱ ወይም በላንቃው ላይ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ታይቶ ከሦስት ሳምንት በላይ ካልዳነ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ከሰሌኑ ወደ ደጃፉ

ወንድሜ ከሐኪም ቤት በተመለሰ በዚያው ምሽት ጋሼ ሰሌን አላስነጠፉም። ሣጥናቸው አጠገብ በዝምታ ተቀምጠው ነበር። እናቴ ልጁን አስተኝታ ስትመጣ እንዲህ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ታላቄ ነዎት፤ ፒፓውን ይተዉ ብዬ አላዝዎትም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ፒፓው ከበሩ አይዘልቅም። ልጆቼ አይከትፉም። እኔም ፍም አላመጣም።»

ጋሼ ቀና ብለው አላዩአትም። «ልክ ነሽ» ብቻ አሉ።

ከሦስቱ እጆች ሁለቱ የተነሡት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ትምባሆአቸውን ራሳቸው እየከተፉ ከደጃፉ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያጨሱ ጀመር። እኛ ከውስጥ ሆነን የፒፓውን እሳት በጨለማ ሲበራና ሲከስም እናያለን። ወሬ የለም፤ ሣቅ የለም። ክረምት ሲገባ ካፖርት ደርበው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይቆማሉ። አንድ ዝናባማ ማታ ለኩሰው ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ገቡ። ፒፓውን ከነትምባሆው ውጭ ትተውት ነበር። እናቴ «ምነው ጋሼ፣ ዝናቡ አጠፋብዎት?» ብትላቸው፣ «አይ፣ ባሕር ላይ ስንት ዓመት ብቻዬን አጭሼዋለሁ። እዚህ ቤት የጣፈጠኝ ትምባሆው አልነበረም ለካ» አሏት።

ያን ማታ ብቻ አልተዉትም። ሁለት ጊዜ ተመልሰውበታል። በሁለቱም ጊዜ እናቴ አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም፤ በሩን ብቻ ታሳያቸው ነበር። በመጨረሻ ሲተዉት ደግሞ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ያስቸግራቸው ስለነበር፣ ያንን ባለ ቀንድ ሰንጢ አውጥተው ማታ ማታ ብርቱካን ይልጡልን ጀመር። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥምጥም ወርዶ ሰሌኑ ላይ ሲያርፍ፣ ትንሹ ወንድሜ እያጨበጨበ ይወስደዋል። ስለ ባሕር የሚወራው ወሬም ተመለሰ።

ዛሬ ማታ ራት ከተበላ በኋላ እያንዳንዳችን ቤታችንን ዞር ብለን እንመልከት። የሚያጨስ ሰው ካለ የት ነው የሚያጨሰው? ትምባሆው የት ነው የሚቀመጠው? ፍሙንስ የሚያቀርበው ማን ነው? አጫሹን በአንድ ቀን ማስተው ላይቻል ይችላል። የእኛንና የልጆቻችንን እጅ ከፒፓው ማንሣት ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቻላል።